አንዱ ሳይት ብቻ አልከፍት ሲላችሁ

ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይሠራል፣ የምትፈልጉት ሳይት ብቻ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብራውዘሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ወይም ሂስትሪውን፣ ኩኪውንና ሴቭ ያደረገውን ፓስዎርድ ሁሉ አንድ ላይ ይጠርጋል። እባካችሁ ከዚያ አትጀምሩ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፣ የጠፋውን ፓስዎርድ መመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት አንብቡት። ብራውዘሩ አንድ ገጽ ለመክፈት ተራ በተራ አራት ነገር ያደርጋል፦ የሳይቱን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ይቀይራል፣ ከሰርቨሩ (ሳይቱ ካለበት ኮምፒውተር) ጋር ይገናኛል፣ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫውን) ያረጋግጣል፣ ከዚያ ገጹን ይቀበላል። መልእክቱ የሚነግራችሁ ከአራቱ የትኛው ላይ እንደቆመ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ሥራው ግማሽ አለቀ።

ከዚያ ሁለት ሙከራ አድርጉ። ዋይፋዩን አጥፉና ያንኑ ሳይት በሞባይል ዳታ ክፈቱት። በዳታ ከከፈተ ችግሩ ያለው ራውተሩ ወይም መስመሩ ጋ ነው። በዳታም እምቢ ካለ በሌላ ብራውዘር ሞክሩት፤ እዚያ ከከፈተ የመጀመሪያው ብራውዘር ላይ ነው ማተኮር ያለባችሁ። በሁሉም ካልከፈተ ሌላ ሰፈር ያለ ወዳጅ እንዲሞክርላችሁ ጠይቁ፤ እሱም ጋ ካልሠራ ሳይቱ ራሱ ወድቋል ወይም መስመሩ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው።

ምልክት፦ «ሳይቱ ሊገኝ አልቻለም»፣ ከሥሩ ዲኤንኤስ የሚል ቃል አለ

ዲኤንኤስ የሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ነው፤ እዚህ ላይ ስሙ ወደ ቁጥር አልተቀየረም። አድራሻውን አንድ በአንድ እዩት። የመንግሥት ሳይቶች መጨረሻቸው ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ሆኖ ሳለ ሰው ከልማድ ዶት ኮም ይጽፋል። አንዳንድ ሳይት ደግሞ ከፊቱ ሦስቱ ደብሊው ከሌለ አይከፍትም፣ አንዳንዱ ካለ አይከፍትም፤ ሁለቱንም ሞክሩ።

ስሙ ትክክል ከሆነ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ መልሱት፣ ራውተሩንም አጥፍታችሁ አብሩት። ካልሆነ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤንኤሱን ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ቀይሩት፤ የመጀመሪያው የጉግል ነው፣ ሁለተኛው የክላውድፌር። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለ። ማስታወቂያ ለመዝጋት ብሎ እዚያ አንድ አድራሻ ያስገባ ሰው ካለ ያ ነገር ጤነኛ ሳይትም ሊዘጋ ይችላል። አውቶማቲክ ላይ መልሱት።

ምልክት፦ ብዙ ከተሽከረከረ በኋላ «ጊዜው አልፏል»

ስሙ ተገኝቷል፣ ሰርቨሩ ግን አልመለሰም። እዚህ ላይ ፓኬጃችሁን እዩ። ለቴሌግራም ወይም ለቲክቶክ ብቻ የተገዛ ፓኬጅ ከሆነ እነሱ ሲሠሩ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል፣ ሰው ደግሞ «ኢንተርኔት አለኝ እኮ» ብሎ ብራውዘሩን ይጠረጥራል።

ቀጥሎ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታችሁን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው አፕ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። አንዳንዱ እስካሁን ስልኩ ላይ አለ፣ ስልኩ ሲበራም አብሮ ይነሳል። ሳይቱ እናንተን ሌላ አገር እንዳላችሁ ስለሚያያችሁ፣ በተለይ የባንክ ከሆነ፣ ላያስገባችሁ ይችላል። አጥፉትና ሞክሩ። በቪፒኤን ብቻ የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ሳይቱ እናንተ ባላችሁበት መስመር ላይ ተዘግቷል፤ እንዲህ ሲሆን ብራውዘሩን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ምልክት፦ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ወይም «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል»

ይሄ እኛ አገር ከሌላው ዓለም የተለየ ምክንያት ስላለው ረጋ ብለን እንየው። እያንዳንዱ ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብራውዘሩም ቀኑን የሚያመሳክረው ከእናንተ ኮምፒውተር ሰዓት ጋር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው ቀን ሲያስተካክል በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ካስገባ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደ፣ ሰርተፊኬቶቹ ሁሉ ገና ያልተጀመሩ ሆነው ታዩት። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2:00 ብሎ መሙላት ስድስት ሰዓት ያዛንፋል። ስድስት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ሳይት አይዘጋም፣ ግን በቅርብ ሰዓት የታደሰ ሰርተፊኬት ላይ ችግር ያመጣል። በሰዓት የሚሠሩ የማረጋገጫ ኮዶችንም ያበላሻል፣ «ኮዱ ትክክል አይደለም» እያለ ያደክማችኋል።

መፍትሄው ቀኑን በእጅ አለመሙላት ነው። ዊንዶውስ ላይ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ውስጥ ግቡና ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል አብሩት። የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኙትም፣ ናይሮቢ የሚለውን ያዙ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፤ ለመቀየር ቀላል ነው፣ ለእሷ ብሎ ኮምፒውተር ፎርማት ማስደረግ አያስፈልግም።

ቀኑ ትክክል ሆኖ መልእክቱ ካልጠፋ መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል። በጣም ብዙ ሳይት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት የሚሰጠውን ነፃ ሰርተፊኬት ይጠቀማል። የእሱን አዲስ ሥር ሰርተፊኬት (የሌሎቹ ሰርተፊኬቶች ሁሉ መነሻ የሆነውን) ደግሞ ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች አያውቁትም፤ ለነሱ ሲባል የቆየው ማቻቻያ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. አበቃ። ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን ሥር ሰርተፊኬቶች ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ ስልኩ የሚቀበለው እትም ከተገኘ ያንን ጫኑ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁም እወቁት፦ ክሮም 109 የመጨረሻችሁ ነው፣ ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ አይመጣላችሁም።

ካፌ ወይም ሆቴል ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ምክንያቱ ያልተከፈተ የመግቢያ ገጽ ሊሆን ይችላል። ኔቨር ኤስኤስኤል ዶት ኮም ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ሳይት ሆን ተብሎ ያለ ሰርተፊኬት የተሠራ ስለሆነ የዋይፋዩ ገጽ ብቅ ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የባንክ ወይም የኢሜይል ገጽ ላይ ይሄ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ «ቢሆንም ቀጥል» የሚለውን አትጫኑ። መሀል ገብቶ ፓስዎርዳችሁን የሚያነብ ሰው ቢኖር ከዚህ የተለየ ምልክት አይታያችሁም።

ምልክት፦ ገጹ ይመጣል፣ ግን ነጭ ነው፣ ወይም ወዲያ ወዲህ ያመላልሳል

በኢንኮግኒቶ (ታሪክና ኩኪ በማያስቀምጠው መስኮት) ክፈቱት። እዚያ ከሠራ ተጠያቂው ኩኪ (ሳይቱ ብራውዘሩ ላይ ያስቀመጠው መረጃ) ወይም ኤክስቴንሽን (እንደ ማስታወቂያ ማገጃ ያለ ብራውዘሩ ላይ የተጨመረ ፕሮግራም) ነው። ማስታወቂያ ማገጃውን ለዚያ ሳይት ብቻ አጥፉ። ካልሆነ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጫኑና የዚያን ሳይት ዳታ ብቻ ሰርዙ፤ የሌላው ሳይት ሁሉ አይነካም። ኦፔራ ሚኒ የምትጠቀሙ ከሆነ ዳታ ቁጠባውን ዝቅ አድርጉት። በከፍተኛው ቁጠባ ገጹ መጀመሪያ የኦፔራ ሰርቨር ላይ ተሠርቶ ስለሚላክ ፎርም መሙላትና ሎጊን ማድረግ ብዙ ጊዜ እዚያ ይሰናከላል።

አፕ ውስጥ የተላከላችሁን ሊንክ እዚያው አፑ ውስጥ ከፍታችሁ በጉግል አካውንት ልግባ ስትሉ እምቢ ካለ ደግሞ ሊንኩን ወደ ክሮም አውጡት። ጉግል በአፖች ውስጥ በተካተተ ብራውዘር መግባትን ይከለክላል።

ምልክት፦ 500፣ 502፣ 503፣ 504

እነዚህ የሰርቨሩ የራሱ የስህተት ቁጥሮች ናቸው፣ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቀን የምታዩት ይሄንኑ ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ አንድ ሰርቨር ላይ ይረባረባል። ሪፍሬሽ መደጋገም ጫናውን ይጨምራል እንጂ አያፈጥነውም። የቴሌግራም ቦት ወይም የአጭር መልእክት አማራጭ ካለ በዚያ ሂዱ፣ ከሌለ ሌሊት ሞክሩ።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ለሳይቱ ባለቤት ወይም ለኔትወርክ አቅራቢያችሁ ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ ግን አትላኩ። የመልእክቱን ስክሪንሾት፣ ሰዓቱን፣ በዋይፋይ ይሁን በዳታ፣ የብራውዘሩን ስምና እትም፣ ሌላ ሰው ጋ መክፈት አለመክፈቱንም ጨምሩ።