ታይሮይድ ካለብሽ ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ

ፅንስ ወርዶብሻል? ከዚያ ደግሞ ሃሺሞቶ የሚባል የታይሮይድ ችግር አለብሽ ተባልሽ? መጀመሪያ ይሄን ስሚኝ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዕቃ ስላነሳሽ ወይም ያማረሽ ስላልተገኘልሽ አይደለም የወረደው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ፅንሱ ገና ሲፈጠር የዘር መረጃ በሚይዘው ክሮሞዞም ላይ በሚደርስ ስህተት ነው።

ታይሮይዱ ግን ቸል የሚባል አይደለም። በሃሺሞቶ የሰውነት መከላከያ አንገትሽ ላይ ያለውን የገዛ ታይሮይድ ዕጢሽን ያጠቃል፤ ዕጢው ሲደክም ሆርሞኑ ያንሳል። ፅንሱ ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ የሚጠቀመው ያንቺን ሆርሞን ነው። እኛ አገር እርግዝና ይደበቃል፣ ሰው ዓይን እንዳይገባበት ተብሎ በ4ኛው ወር ክትትል ይጀመራል፤ በዚህ በሽታ ግን እስከዚያ ዋናው ጊዜ ያልፋል። ለጎረቤት አትንገሪ፤ ለሐኪምሽ ግን ንገሪ።

ለማርገዝ ስታስቢ የቲኤስኤች (ዕጢውን የሚያዘው ሆርሞን፣ ዕጢው ሲደክም ከፍ የሚል) እና የቲፒኦ አንቲቦዲ (መከላከያው ዕጢውን እንደሚያጠቃ ደም ውስጥ የሚያሳይ ምልክት) ምርመራ ጠይቂ። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን የምትወስጂ ከሆነ ቲኤስኤችሽ ከ2.5 በታች እስኪወርድ ብትጠብቂ ጥሩ ነው። ስታረግዢ የመድኃኒቱ ፍላጎት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ብዙ ሐኪሞች የወር አበባ እንደዘገየና ምርመራው እርግዝና እንዳሳየ በሳምንት 2 ኪኒን ጨምሪ ይላሉ፤ አንቺም ምን ማድረግ እንዳለብሽ ከማርገዝሽ በፊት ጠይቀሽ አስጽፊ። ከዚያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ደምሽ ይታይ።

አወሳሰዱ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው፤ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል 1 ሰዓት ይቆይ። ለእርግዝና የሚሰጠው የአይረን ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ ከሱ በ4 ሰዓት ይራቅ። ጠዋት ካልተመቸሽ፣ እራት በልተሽ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስትተኚ መውሰድም ይቻላል።

አንቲቦዲ ኖሮብሽ ሆርሞንሽ ልክ ከሆነስ? የመውረድ አደጋው ከሌላው ሴት ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ኪኒኑ ግን ሁልጊዜ መልስ አይሆንም፦ በ2019 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ላሉ ሴቶች 50 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ተሰጥቶ በሕይወት የሚወለዱት ልጆች ቁጥር አልጨመረም። ስለዚህ ሐኪምሽ መድኃኒት ካላዘዘልሽ ቸል አለኝ አትበይ፣ የጓደኛሽንም ኪኒን ወስደሽ አትዋጪ። ክትትሉ ግን እንዳይቀር፤ በእርግዝናው መሃል ዕጢው ሊደክም ይችላል።

ችግርሽ የሆርሞን መብዛት ከሆነ ሌላ ነው። ሆርሞኑን የሚቀንሰው መድኃኒት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዝሽ በፊት ተማከሪ፣ በራስሽ ግን አታቋርጪ።

ደም ካየሽ፣ በተለይ አንድ ጎንሽን ካመመሽ ወይም ካዞረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ሂጂ፤ ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ሊሆን ይችላል። እዚያም የታይሮይድ መድኃኒት እንደምትወስጂ ንገሪያቸው።

ከወለድሽ በኋላ የሌቮታይሮክሲኑ መጠን ወደ ድሮው ይመለሳል። በ6ኛው ሳምንት ልጅሽን ለክትባት ስትወስጂ ያንቺንም ደም አስመርምሪ።