አሌሲያን በጠረጴዛ ላይ፦ የቄሳርን ከበባ በጭቃ፣ በካርቶንና በክር መሥራት

የታሪክ ክበብ ኤግዚቢሽን ላይ «ሮም» ሲባል የሚቀርበው ነገር ይታወቃል፦ ከካርቶን የተቆረጠ ጋሻ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ጎራዴ፣ ቀይ ነጠላ የደረበ ተማሪ። ለፎቶ ያምራል። ሮማውያን አገር እንዴት እንደያዙ ግን አያሳይም። ሌጌዎኑ (የሮማ ጦር ክፍል) ያሸነፈው በጎራዴ የመሆኑን ያህል በዶማና በአካፋም ነው። ኮርቡሎ የተባለው የጦር አለቃ ጠላት የሚሸነፈው በዶማ ነው ይል ነበር ይባላል።

ይህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማሳየት ከአሌሲያ የተሻለ የለም። ለወሎ ልጅ ማስረዳቱም አይከብድም፤ አሌሲያ አምባ ነበረች። መቅደላን የሚያውቅ ሰው አናቷ ሜዳ፣ ጎኗ ገደል፣ መውጫዋ ጥቂት ሲባል ወዲያው በዓይነ ሕሊናው ይስላታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ዓመት የጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ነገዶችን ያስተባበረው ቨርኪንጌቶሪክስ ሠራዊቱን ይዞ እዚያ ላይ መሸገ። በዚያው ዓመት ጄርጎቪያ በምትባል ሌላ አምባ የዩልዮስ ቄሳር ሰዎች ሽቅብ ወጥተው ሊገቡ ሲሞክሩ 46 የመቶ አለቆችና 700 ያህል ወታደሮች አልቀውበታል። ስለዚህ አሌሲያ ላይ ሽቅብ አልወጣም፤ ዙሪያዋን አስቆፈረና በሁለት ምሽግ፣ አንዱን በውስጥ አንዱን በውጪ አድርጎ፣ አጠራት። ሥራችሁ ማሳየት ያለበት ይህንን ቁፋሮ ነው።

ሁለት ሰሌዳ ያስፈልጋል

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁሉን ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማሳየት ሲሞክሩ ነው። የውጪው ምሽግ 20 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ የቦዩ ስፋት ግን 4 ሜትር ተኩል አይሞላም። ምሽጉን ጠረጴዛ ላይ የሚያስገባ መጠን ቦዩን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ያደርገዋል። ስለዚህ አንዱ ሰሌዳ አገሩን ከላይ ያሳይ (1 ለ10,000፣ ማለትም 1 ሳ.ሜ = 100 ሜትር)፤ ሌላው ምሽጉን እንደ ኬክ ተቆርጦ ከጎን ያሳይ (1 ለ50፣ ማለትም 2 ሳ.ሜ = 1 ሜትር)። ሁለቱም 90 በ70 ሳ.ሜ ይሁኑ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 244 በ122 ስለሆነ ሁለቱ ከእሱ ተቆርጠው ይተርፋል፤ አናጢ ቤት ቁራጭ ከተገኘ ደግሞ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም።

መለኪያውን ከመጀመሪያው አስተካክሉ። የሮማ ጫማ 29.6 ሳ.ሜ ነው፤ የሮማ ማይል 5,000 ጫማ ስለሆነ 1,480 ሜትር ይሆናል። የእንግሊዙን ማይል (1,609 ሜትር) የወሰደ ሰው 14 ማይሉን የውጪ ምሽግ 22.5 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል፤ ትክክሉ 20.7 ነው። ጎብኚው እንዲገባው ከሥሩ «ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው የመኪና መንገድ ብዙ አያንስም» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ሁሉ ወታደሩ በእጁ ቆፈረው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ፦ አምባውና ሁለቱ ክሮች

ሰሜንን ወደ ላይ አድርጉ። መሐል ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 20 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 6 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ሞላላ ሳሉ፤ አምባው ይህ ነው። ከዙሪያው ሜዳ ከፍታው 150 ሜትር ያህል ስለሆነ በእውነተኛው መጠን 1.5 ሳ.ሜ ብቻ ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቂጣ ይመስላል። ከፍታውን በእጥፍ አድርጉትና 3 ሳ.ሜ ይሁን። መኮረጅ አይደለም፤ ካርታ ሠሪዎችም ያደርጉታል። ጥግ ላይ «ከፍታው በእጥፍ የተጋነነ» ብሎ መጻፍ ግን ግዴታ ነው።

ለአምባው የዕቃ ካርቶን ቁረጡ። አንዱ ንብርብር 5 ሚ.ሜ ያህል ስለሚወፍር 6 ንብርብር ይበቃል፤ እያንዳንዱን ከታችኛው ጥቂት እያጠበባችሁ በኮላ ለጥፉ። የመጨረሻው ሁለት ንብርብር ዳሩ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ገደሉ እሱ ነው። በሰሜን ኦዝ፣ በደቡብ ኦዝሬን የሚባሉ ወንዞች ያልፋሉ። በምዕራብ በኩል 3 የሮማ ማይል ያህል የሚረዝም ሜዳ አለ፤ በቀሩት ጎኖች ቁመታቸው ከአምባው የሚስተካከል ኮረብታዎች ከበውታል። ሜዳው ላይ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ነክሮ በኮላ መበተን ጥሩ ሣር ይወጣዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለት ክር ቁረጡ፦ ጥቁሩ 163 ሳ.ሜ፣ ቀዩ 207 ሳ.ሜ። ጥቁሩ ወደ አምባው የዞረው የ11 ማይል ምሽግ ነው፤ ውስጥ ያለው እንዳይወጣ። ቀዩ ወደ ውጭ የዞረው የ14 ማይል ምሽግ ነው፤ ሊረዳ የሚመጣው እንዳይገባ። ቄሳር በሁለቱ መሐል ሆኖ ከባቢም ተከባቢም ነበር። ክሩ ሲቆረጥ ርዝመቱ ስለማይለወጥ ስህተታችሁን ራሱ ይናገራል፦ ቢያንሳችሁ ኮረብታዎቹን አርቃችኋል፤ ቢተርፋችሁ አቅርባችኋል። ክብ አድርጋችሁ አትዘርጉት፤ የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ ይጠማዘዝ። ክብ ሲሆን የሰሌዳውን ጠርዝ ሊነካ ምንም አይቀረውም፣ መልኩም የሩጫ መም ይሆናል።

በምሽጉ ላይ 23 ትናንሽ ምሽጎች ነበሩ። ምስር መለጠፍ ይቀናል፣ መጠኑም ልክ ነው፤ ግን የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት አይጥ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ዶቃ ይሻላል። በሰሜን ምዕራብ አንድ ኮረብታ ሰፊ ስለነበር ምሽጉ ሊያካትተው አልቻለም፤ ከሥሩ፣ ቁልቁለቱ ላይ አለፈ። ድካሙ እዚያ ነበር። ሊረዳ ከመጣው የጋሊያ ጦር አዛዦች አንዱ የሆነው ቬርካሲቬላውኑስ 60,000 ሰው ይዞ የመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ቄሳርም ምክትሉን ላቢየኑስን ከ6 ኮሆርት (ከሌጌዎን የሚያንስ ጭፍራ) ጋር ለረድኤት ልኮ በኋላ ራሱ ደረሰ። ቀይ ስፒል ተክሉበት።

በአምባውና በጥቁሩ ክር መሐል ያለውን ባዶ ቦታ በዛፍም በቤትም አትሙሉት። ስንቅ ሲያልቅ አምባውን የያዙት ሰዎች የከተማዋን ባለቤቶች፣ ማንዱቢ የሚባሉትን፣ ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አስወጧቸው። ቄሳር አልተቀበላቸውም። የቀሩት እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ነጭ ጠጠር ጥቂት ጣሉበት፤ ጎብኚው ራሱ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ሰሌዳ፦ ምሽጉ ከጎን

እዚህ ላይ ሮማውያን የቆፈሩትን በቅደም ተከተል፣ ከአምባው ወገን ወደ ሮማውያኑ ወገን ትሠራላችሁ። ረጅሙ ጎን 90 ሳ.ሜ ነው።

መጀመሪያ 20 ጫማ ስፋት ያለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ቦይ ይመጣል፤ 12 ሳ.ሜ ይሁን። ከእሱ እስከ ዋናው ምሽግ 400 ጫማ ነበር፤ ያ በዚህ መጠን 2 ሜትር ከ37 ሳ.ሜ ስለሚሆን አይገባም። ሁለት የተቦጫጨቀ ነጭ መስመር አድርጉና «እዚህ 400 ጫማ ተዘሏል» በሉ። ሳይጽፉ የሚያልፉት አሉ፤ ያኔ ሁሉም ቦይ እንደ ጎረቤት አጥር ተጠጋግቶ ይታያል፣ ከሩቅ የሚወረወረው ነገር ለምን እንዳልደረሰም አይገባም።

ቀጥሎ ወታደሮቹ መውጊያ የሚሉት አለ፦ አንድ ጫማ ርዝመት ያለው እንጨት፣ የብረት ሜንጦ ተመቶበት መሬት ውስጥ የተቀበረ። በ50ኛ እጅ 6 ሚ.ሜ ነው። ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ቆርጣችሁ ጫፉን እጠፉ። 8 ሳ.ሜ ስፋት ላይ ሳይደረደር ይበተን፤ የሚያስፈራው የት እንዳለ አለመታወቁ ነው።

ከዚያ ጉድጓዶቹ። ወታደሮቹ በቀልድ «ሊሊ» ብለው በአበባ ስም ይጠሯቸው ነበር። 3 ጫማ ጥልቀት፣ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ፣ በየ3 ጫማው 8 ረድፍ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የጭን ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ተስሎ በእሳት የጠነከረ ግንድ፣ ከመሬት 4 ጣት ብቻ ብቅ ያለ። የታችኛው አንድ ጫማ በአፈር ተጠቅጥቆ ግንዱን ይይዘዋል፤ አፉ በጭራሮና በቅጠል ይሸፈናል። ለዚህ ከተቀረጸ እርሳስ የተሻለ መሣሪያ የለም፦ ጭቃው ገና ለስላሳ እያለ 1.8 ሳ.ሜ አስገብታችሁ ስታዞሩት ልክ ያንን ቅርጽ ይሰጣችኋል። በጉድጓድና በጉድጓድ መሐልም 1.8 ሳ.ሜ ይሁን። አደራደሩ የሉዶ ዳይስ ላይ እንዳለችው 5 ቁጥር ነው፤ የሁለተኛው ረድፍ ጉድጓድ በመጀመሪያው ረድፍ ክፍተት ፊት ይውላል። ቀጥ አድርጎ የደረደረ ሰው በመሐል የሚያሳልፍ መንገድ ሠራ ማለት ነው። ለግንዱ ክብሪት እንጨት፣ ጫፉ በምላጭ የተሳለ። ግማሾቹን በሻይ ቅጠል ሸፍኑ፣ ግማሾቹን ክፍት ተዉ።

ከእነሱ ቀጥሎ 5 ጫማ ጥልቀት ያለው (3 ሳ.ሜ) ቦይ ውስጥ ቅርንጫፎቻቸው ሾለው እርስ በርስ የተጠላለፉ ግንዶች በ5 ረድፍ ይተከላሉ። የደረቀ የጽድ ጭራሮ ልክ ይሆናል። ከሥር ታስረው ስለነበር መንቀል አይቻልም ነበር፤ እናንተም ከሥር በሽቦ እሰሩት፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ቀን ሕፃናት ይነቅሉታል።

ከዚያ ሁለቱ ትልልቅ ቦዮች፤ እያንዳንዳቸው 15 ጫማ፣ ማለትም 9 ሳ.ሜ ስፋትና 9 ሳ.ሜ ጥልቀት። ወደ ምሽጉ የቀረበው፣ ቦታው ሜዳና ዝቅ ያለ በሆነበት፣ ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ ተሞልቶ ነበር። ለውኃው የቦዩን ወለል ቡናማ አረንጓዴ ቀብታችሁ ነጭ ኮላ በ2 ሚ.ሜ ንብርብር አፍስሱ፤ ሲደርቅ ብርሃን ያሳልፋል። በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት መሐሉ ሳይደርቅ ወተት መስሎ ይቀራል።

በስተመጨረሻ 12 ጫማ (7 ሳ.ሜ) ከፍታ ያለው የአፈር ካብ ከነእንጨት አጥሩ፣ አጥሩ ሥር ወደ ውጭ የተቀሰሩ ባላዎች፣ በየ80 ጫማውም ማማ። 80 ጫማ 47 ሳ.ሜ ስለሆነ በ70 ሳ.ሜ ወርድ ላይ ሁለት ማማ ብቻ ይገባል። ሦስተኛ አትጨምሩ።

ይህ ሁሉ ቄሳር ራሱ የጻፈው ልክ ነው። መሬቱ ሲቆፈር ግን ምሽጉ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልነበረ ታይቷል፤ ሰሌዳው ላይ «ቄሳር እንደገለጸው» የሚል ይጨመር።

ጭቃው

ሰሌዳውን በሙሉ በጭቃ የሞላ ሰው ያዝናል፦ 90 በ70 በ10 ሳ.ሜ 63 ሊትር ነው፤ ሲመዘን ከኩንታል አያንስም፣ ለማንሳትም ያስቸግራል። ከሥር የፍሪጅና የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ደርድሩ (ፒያሳ ያሉ ሱቆች ይጥሉታል)፣ ቦዮቹን በጋለ ቢላ ቅረጹ፣ ከላይ 1 ሳ.ሜ ጭቃ ብቻ ቀቡ። ጉድጓዶቹና የግንዶቹ ቦይ የሚያርፉበት ላይ ፎሙን ዝቅ አድርጋችሁ 3 ሳ.ሜ ተኩል ጭቃ ይኑር፤ ካልሆነ እርሳሱ ፎሙን ይመታል።

ልኩ ሦስት እጅ የተነፋ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ነው። ሁለት ቀን ይቡካ። በመጨረሻ ጥቂት ኮላ ጣል ይደረግበት፤ ፎሙን የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ። ደሴ ላይ፣ በተለይ ጦሳ ጉም በሚለብስበት ሰሞን፣ ጭቃው ቀናት ይፈልጋል፤ ቸኩሎ ቀለም የቀባ ሰው ቀለሙ ከነጭቃው ይላጥበታል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ግልባጩ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ በግማሽ ቀን ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር አድርጉትና የመጀመሪያውን ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ለተሰነጠቀው ጀሶ አትሙሉበት፤ ቀለሙን በተለየ ሁኔታ ስለሚመጥ ጠባሳው ይታያል። በዚያው ጭቃ፣ ቀጠን አድርጋችሁ ድፈኑት።

ሰዎቹ

የ1.70 ሜትር ሰው 3.4 ሳ.ሜ ይሆናል። ከሽቦና ከወረቀት 8 ሰው ይበቃል፤ አምስቱ ዶማና ቅርጫት ይያዙ፣ ሦስቱ ይጠብቁ። ሱቅ የሚሸጡት የፕላስቲክ ወታደሮች ጠመንጃ ስለያዙ አይሆኑም፤ ጠመንጃውን ቢቆርጡትም የራስ ቁሩ ያጋልጣል።

ለሚያስረዳው ተማሪ

ቁጥር ሲናገር የማን ቁጥር እንደሆነ ይናገር። አምባው ላይ 80,000፣ ሊረዳ የመጣው ከ240,000 በላይ የሚለው የቄሳር ነው፤ አሸናፊ የጠላቱን ብዛት ሲቆጥር አይሰስትም። ቨርኪንጌቶሪክስ እጁን ከሰጠ በኋላ 6 ዓመት ታስሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 በሮም የድል ሰልፍ ላይ ታይቶ ተገደለ።

«እኛ ጋ ደርሰው ነበር ወይ?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ግብፅን ያስተዳድር የነበረው ጋይዮስ ጴጥሮንዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ዎቹ ዓመታት ናፓታ ድረስ ዘልቋል። ናፓታ የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ናት። የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች የኩሽን ሕዝብ «ኢትዮጵያውያን» ስለሚሉ ነው ግራ የሚያጋባው፤ አክሱም አልደረሰም። ሌላ ተመሳሳይ ከበባ ለጠየቀ ደግሞ የሮማ የጦር አለቆቹ ስኪፒዮ ኤሚልያኖስ ስፔን ውስጥ ያለችውን ኑማንቲያን (በ133 ከልደት በፊት)፣ ጥጦስም ኢየሩሳሌምን (እ.ኤ.አ. በ70) በዚሁ መንገድ ዙሪያቸውን አጥረው በረሃብ እንዳስጨነቁ ይናገር።

ማጓጓዝ

ሰሌዳው ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ ከሆነ ማማዎቹን አትለጥፉ። ከሥራቸው ሚስማር ይኑራቸውና ካቡ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይሰኩ፤ ለብቻቸው በጋዜጣ ተጠቅልለው ይሂዱ። በጠመዝማዛው መንገድ መጀመሪያ የሚረግፈው ማማ ነው፣ ቀጥሎ የጽድ ጭራሮው። ሰሌዳው ሚኒባስ ውስጥ በጀርባው ይተኛ፣ በጎኑ አይቁም፤ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ኮላ፣ የተረፈ ጭቃ በፌስታልና 20 ያህል የተሳለ ክብሪት ተይዞ ይኬድ፤ ከመከፈቱ በፊት ሦስቱም ያስፈልጋሉ።