ስኳር የቀነስንለት የቤት ኮክቴል ለምን አይጥምም? ችግርና መፍትሄ

መነሻው አሰራር ይሄ ነው፣ ለአንድ ብርጭቆ 45 ሚሊ ጂን (ሶስት የሾርባ ማንኪያ)፣ 15 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ የጠጅ ሳር ሻይ 60 ሚሊ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር (4 ግራም ገደማ)፣ ናና፣ በረዶ፣ ከላይ አምቦ ውሃ። አሁን ወደ ችግሮቹ።

"ውሃ ውሃ ይላል"
ስኳር ማጣፈጥ ብቻ ሳይሆን መጠጡን ወፈር ያረገዋል፣ እሱ ሲወጣ አፍ ላይ ሚቀር ነገር የለም። መፍትሄው ተልባ ነው፣ አትሳቁ፣ ያልተቆላ አንድ ማንኪያ ተልባ በአንድ ስኒ የፈላ ውሃ ዘፍዝፉና ሲያሙለጨልጭ አጥልሉት፣ ከዛ ከውሃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምራችሁ ከጂኑና ከሎሚው ጋር በደንብ በጥብጡት፣ አምቦው ግን መጨረሻ ላይ ነው ሚገባው ካለዛ ጋዙ ይጠፋል። በረዶውም ተለቅ ይበል፣ ደቃቁ ቶሎ ይቀልጣል።

"መረረኝ" ወይም "መድሃኒት መድሃኒት ይላል"
ናናውን ወቅጣችሁታል ማለት ነው። በመዳፍ መሃል አንዴ ጥፊ ብትሉት ሽታው ይወጣል፣ በቃ። የጥብስ ቅጠል ወይ ጦስኝ ከሆነ ደግሞ አብራችሁ አታንተክትኩት፣ ውሃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ቅንጣት ጨው ምሬቱን ትቀንሳለች።

"ስኳር ቀንሼም ይጣፍጣል"
ቶኒክ ነዋ የጨመራችሁት። ቶኒክ እንደ አምቦ ውሃ አይደለም፣ ስኳር አለው፣ ጀርባውን አንብቡ። ማርም ያው ነው፣ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ "ተፈጥሮ ነው" ማለት ደም ውስጥ አይሰራም።

"ሽሮፑ ሻገተ"
ስኳሩን ቀድማችሁ በውሃ አሟሙታችሁ (ሽሮፕ አርጋችሁ) ካስቀመጣችሁት፣ ስኳር ሲያንስ አይቆይም። በበረዶ መስሪያው እቃ ላይ አፍስሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

"ቶሎ መታኝ"
እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስኳሩ ነው እንጂ የቀነሰው አልኮሉ እንዳለ ነው፣ እንደውም በዳየት (ስኳር በሌለው) ለስላሳ መጠጥ ሲቀላቀል ከጨጓራ ቶሎ ስለሚያልፍ በስኳር ከተቀላቀለው በላይ ደም ውስጥ ይወጣል። ምግብ ብሉበት፣ ጂኑን ወደ 30 ሚሊ አውርዱት።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ "ስኳር የለውም" ብሎ ዘና እንዳይል። ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላማይድ ሚወስድ ከሆነ አልኮል ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል፣ ከሰአታት በኋላ እንቅልፍ ላይም ቢሆን፣ ላቡና መንቀጥቀጡ ስካር ስለሚመስል አጠገቡ ያለው ሰው "ጠጥቶ ነው" ብሎ ይተወዋል። ሜትፎርሚን ሚወስድም አብዝቶ መጠጣት የለበትም፣ ሀኪሙን ይጠይቅ። ለአሜባ ፍላጅል (ሜትሮኒዳዞል) የጀመረ ሰው እስኪጨርስና ከዛም በኋላ ቢያንስ ሁለት ሶስት ቀን ቢተወው ይሻላል።

ጤና አዳም ጣል ማረግ ምትወዱ፣ ለነፍሰ ጡር አልኮል የሌለውም ቢሆን ጤና አዳም ያለበት አይሰጥም፣ ማህፀን ሊያነሳሳ ይችላል። ቅጠሉን ወይ ሎሚውን በእጅ ጨምቆ ሳይታጠቡ ፀሀይ ላይ መቀመጥም ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክቱ ለሳምንታት አይለቅም።

በጂን ፈንታ ምንጩ ያልታወቀ አረቄ አትጠቀሙ። ሜታኖል (መርዛማው አልኮል) ካለበት ሎሚም ቅጠልም አያወጣውም፣ ከጠጣ በኋላ አይኑ የደበዘዘበት ሰው ደግሞ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይሂድ።