በሰሜን ሸዋ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት ስለሚያስፈልገው ፈቃድ

በሰሜን ሸዋ በግድብ ዳርቻ፣ በመናፈሻ ወይም በጥብቅ ደን ውስጥ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ለመፈለግ የሚያስብ ሰው፣ የሚፈልገው ትናንት የወደቀ ቀለበት ወይም ቁልፍ መሆኑን ወይም በመሬት ውስጥ የኖረ የጥንት ዕቃ መሆኑን አስቀድሞ መለየት አለበት። የመጀመሪያው ጉዳይ የሚጀምረው ከቦታው አስተዳዳሪ ነው፤ የከተማ መናፈሻ ከሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ እንደ መንዝ ጓሳ ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ ከጠባቂው ማኅበረሰብ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የመንዝ ሰው ጓሳን ሣር ለማጨድ እንኳ ጊዜ ወስኖ ሲጠብቀው የኖረ ነውና፣ ሳይጠይቁ አካፋ ይዞ መግባት ትልቅ ድፍረት ነው።

ሁለተኛው ግን ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚገዛ ጉዳይ ነው። ቅርስን መፈለግም ሆነ ማጥናት የሚቻለው አስቀድሞ ከቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ በአንኮበር የቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ በይፋት የጥንት ከተሞች ፍርስራሽና በገዳማት ይዞታ መሣሪያውን አለማብራት ይሻላል። የቀበሌ ሊቀ መንበር የቃል ይሁንታም ይህን ፈቃድ አይተካም።

ለአስተዳዳሪው በሚቀርበው ማመልከቻ የቦታው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚፈለገው ዕቃ፣ እንዲሁም የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀት ይጻፍ። ማኅተም ያረፈበት መልስ ሲገኝ ለቀበሌውና ለፖሊስ በግልባጭ ማሳወቅ፣ ደብዳቤውንም ከመታወቂያ ጋር መያዝ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

የጠፋ ቁልፍ ሲፈለግ ድንገት ጠገራ ብር ወይም የጥንት መስቀል ብቅ ቢል፣ ባለበት ትቶ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ አፈሩን በስሱ መመለስና ወዲያውኑ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና በእርሱ በኩል ለባለሥልጣኑ ማመልከት ይገባል። ዕቃውን አጥቦና አጽድቶ ማቅረብ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የዘመኑን ምስክር የሚሰጠው የተኛበት የአፈር ንብርብር ስለሆነ፣ ከዚያ ከተነቀለ በኋላ ባለሙያም ቢመጣ ያን ምስክርነት መልሶ ማግኘት አይችልም። አዋጁ በድንገት ያገኘውን ቅርስ ለሚያስረክብ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይደነግጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ነው። የጣሊያን ወረራም ሆነ በ2014 ዓ.ም. እስከ ሸዋ ሮቢት የደረሰው ጦርነት ያለፈው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ዝገት የለበሰ ቅርጹ የማይታወቅ ብረት ከታየ አካፋውን እዚያው ትቶ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሶ፣ ከራቁ በኋላ መግቢያውን በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጎ፣ ልጆችና እረኞች እንዳይጠጉ እያስጠነቀቁ ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።