የገና ገዳይ አሻንጉሊት፣ ክፍል ሁለት፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የገና ሰሞን ሆረር ፊልም፣ ያውም ገዳይ አሻንጉሊት ያለበት፣ ያውም ክፍል ሁለት። ገንዘቡ ትንሽ፣ ጊዜው አጭር፣ ፕሮዲዩሰሩ ችኩል። ሥራዬ አሻንጉሊቶቹን መሥራትና ካሜራ ፊት ማንቀሳቀስ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ስክሪፕት በእጄ ብዙ ያልፋል። ጸሐፊው በአንድ መስመር "አሻንጉሊቱ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል" ይላል። ያቺ መስመር ስንት ሰው በደረቱ መሬት ላይ እንደምታስተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደምትበላ የሚያውቀው ግን ተኝቶ የሚያንቀሳቅሰው ነው።

ጀማሪዎችን እወዳቸዋለሁ። ይህን ዓይነት ፊልም ከልባቸው የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ትዕግሥት ያልቃል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አሻንጉሊቱን ከጅምሩ ማስሮጥ

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ክፍል ሁለት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያመጣት ክርክር አለች፦ "ተመልካቹ ነፍስ እንዳለው ያውቃል እኮ፤ ምን ያስደብቀናል?" ከዚያ ፊልሙ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ አሻንጉሊቱ ቢላ ጨብጦ፣ ቦግ ባለ መብራት ሥር፣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው እየታየ ሳሎኑን ያቋርጣል። በቃ፣ አለቀ። የቀረውን ሰማንያ ደቂቃ በምን ልትሞሉት ነው? በዚህ በጀት የተሠራ አሻንጉሊት ሙሉ አካሉ ሲታይ ለጥቂት ሴኮንድ ያሳምናል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ዱላውንና ሽቦውን መፈለግ ይጀምራል።

አሻንጉሊት ይበልጥ የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። በ1988 የወጣውን "ቻይልድስ ፕሌይ" አስታውሱ። ፊልሙ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ነው። እናትየው አሻንጉሊቱን ተናገር እያለች ታፋጥጠዋለች። ካርቶኑን ስታነሳ ከውስጡ ባትሪዎቹ ዱብ ይላሉ። ለካ ከመጀመሪያውም አልገቡለትም! ያን ሁሉ ሲያወራ የሰነበተው ያለ ባትሪ ነው። ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን ክዳን ትከፍታለች፤ ባዶ። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱ ዞር ብሎ ያናግራታል። እስቲ ወጪውን አስሉት። ካርቶን፣ ባትሪ፣ የሚዞር ጭንቅላት። ፊልሙ ራሱ የድሃ ፊልም አልነበረም፤ ይቺ ትዕይንት ግን የማንንም ኪስ አትጎዳም።

"ኧረ ክፍል ሁለት ላይ ግን..." አዎ፣ ተመልካቹ ያውቃል። የቤቱ ሰዎች ግን አያውቁም። ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ የሚሻልበት ዋናው ነገር ይሄ ሆኖ ሳለ እናንተ የምትጥሉት እሱን ነው። በ1990 በወጣው ተከታዩ ፊልም ያው ገዳይ አሻንጉሊት፣ ቸኪ፣ የገባበት ቤት ውስጥ እሱን የመሰለ ሌላ ተራ አሻንጉሊት አለ። ሰባብሮት ግቢ ውስጥ ይቀብረውና ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳያደርግ ቢቀመጥ እንኳ እኛ ተረጋግተን አንቀመጥም። ይህን የሚሠራው ከእኛ ጋር የተጋራው ምስጢር ነው፤ ሩጫው አይደለም።

ገና ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ በዓል ነው። ሰው ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን የታሸገ ካርቶን በገዛ እጁ ወደ ቤቱ አስገብቶ፣ ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ አብሮት ቀናት ያድራል። በ1991 ለቪዲዮ ገበያ የተሠራው አምስተኛው "ሳይለንት ናይት፣ ዴድሊ ናይት" ይህ ገብቶታል። ትንሹ ልጅ በሌሊት በር ላይ የተተወ ስጦታ ያገኛል። አባትየው ተቆጥቶ ልጁን ወደ መኝታው ይሰድደውና ስጦታውን ራሱ ይከፍተዋል። የገና አባት መልክ ያለው ድቡልቡል መጫወቻ ነው። እጅና እግር አውጥቶ ይጠመጠምበታል። ፊልሙ ድንቅ ነው አልልም። መክፈቻው ግን ትምህርት ነው፤ እስኪቀደድ ድረስ የሚያስፈራን የስጦታ ወረቀት ነው፣ የስጦታ ወረቀት ደግሞ ርካሽ ነው።

የድሮውን ፊልም ቆርጦ መቀጠል

የዚያው ተከታታይ ፊልም ክፍል ሁለት በ1987 ወጣ። ግማሽ ያህሉ ከ1984ቱ ፊልም የተወሰደ ምስል ነው። ገዳዩ ተቀምጦ ለሐኪም ያወራል፣ እኛ የምናውቀውን ፊልም እንደገና እናያለን። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው አዲስ ከተቀረጸው ክፍል ውስጥ ቆሻሻ ሊያወጣ የወጣውን ጎረቤት የሚገድልበትን ትዕይንት ነው፤ እሱም የኢንተርኔት መሳቂያ ሆኖ። ቁም ነገሩን ልብ በሉ፦ መሳቂያም ቢሆን የቀረው አዲሱ ነው።

የቀደመውን ማስታወስ ካስፈለገ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ከዚያም የሚሻለው ዕቃ ነው። ግማሹ የተቃጠለ ትንሽ ጫማ በፖሊስ ላስቲክ ውስጥ አሳዩን። ክፍል አንድን ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ደግሞ ይጠይቃል።

አንድ አሻንጉሊት ብቻ ይዞ ቀረጻ መውጣት

አንድ ቀረጻ ላይ የነበረን ድብ አንድ ነበር። ነጭ፣ ፀጉራም፣ ቀይ ሪባን ያሰረ። ሁለት እንሥራ ብዬ ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ "ድቡ የሚደማው መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዱ ይበቃል" አለ። በሦስተኛው ቀን ተዋናዩ ስለታመመ ፕሮግራሙ ተገለበጠና የደሙ ትዕይንት ወደ ፊት መጣ። የፊልም ደም ብዙ ጊዜ ከበቆሎ ሽሮፕና ከቀለም ነው የሚሠራው። ጣፋጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ፀጉር ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሌሊቱን በሙሉ በሳሙና ስናጥበው፣ በፀጉር ማድረቂያ ስናደርቀው አደርን። ጠዋት ሮዝ ሆኗል፣ ፀጉሩ ተድቦልቡሏል፣ ዝናብ የመታት ድመት መስሏል። ፊልሙ ላይ ድቡ በመጀመሪያው ትዕይንት፣ ገና ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳለ፣ ሮዝ የሆነው ለዚህ ነው።

ቢያንስ ሦስት ይኑራችሁ። አንዱ ፊቱ የሚንቀሳቀስ፣ ለቅርብ ምስል ብቻ። አንዱ ቀላል፣ የሚወረወርና የሚረገጥ። አንዱ የሚደማና የሚቃጠል። ለቸኪ እንኳ በማሽን የሚንቀሳቀሱ የተለያዩ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ሙሉ አካሉ ለሚራመድባቸው አንዳንድ ምስሎች ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነው ተዋናይ ኤድ ጌል ልብሱን ለብሶ ተጫውቷል። በ1989ኙ "ፐፔት ማስተር" ላይ ደግሞ ዴቪድ አለን በስቶፕ ሞሽን (አሻንጉሊቱን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ ምስል በምስል በማንሳት) ያንቀሳቀሳቸው ምስሎች ጥቂት ናቸው፤ ሌላው በእጅና በዱላ የተሠራ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስቶፕ ሞሽን ለአንዲት ሴኮንድ እስከ 24 ምስል አንድ በአንድ ማንሳት ይጠይቃል። እናንተ ደግሞ "ሁሉንም በስቶፕ ሞሽን እናድርገው፣ ያምራል" ትሉኛላችሁ። ያምራል። የትኛው ገና ላይ ሊደርስ ነው ግን?

ካሜራውን በሰው ቁመት ማቆም

ካሜራው ይውረድ። ከቆመ ሰው ዓይን ወደ ታች የታየ አሻንጉሊት ዕቃ ነው፤ ከወለል የታየ ግን ባለቤት ነው። ከሶፋ ሥር፣ ከደረጃው ፍርግርግ ኋላ፣ ከስጦታዎቹ መሃል አንሱት። በዚያ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሰው መደበቂያ ያገኛል። ካሜራውን ራሱን ወለል ለወለል ብታስሮጡትማ አሻንጉሊቱን ማሳየት ሳያስፈልግ ሩጫው ተገኘ ማለት ነው። ጸሐፊ ሆይ፣ ደረጃህም በዚሁ ተፈታ።

የራስን ሕግ መርሳት

አሻንጉሊቱ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም? በክፍል አንድ እሳት ከገደለው፣ በክፍል ሁለት ከምድጃ ውስጥ እየሳቀ ሊወጣ አይችልም። ካልሞተ ለምን እንዳልሞተ በአንድ ምስል አሳዩ። የ1989ኙ ሦስተኛው "ሳይለንት ናይት" በጥይት የወደቀውን ገዳይ ሲመልሰው የራስ ቅሉን ውስጡን በሚያሳይ ክዳን ተክቶ አንጎሉን አሳየን። ያስቃል፤ ግን ቢያንስ ጥያቄውን መልሷል።

ኪሎውንም አትርሱ። የክንድ ቁመት ያለው ፕላስቲክ አዋቂ ሰው አንስቶ ግድግዳ ላይ አይወረውርም። ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል፣ ደረጃ ላይ ገመድ ይወጥራል፣ የገናውን መብራት ሽቦ ይልጣል። ትንሽነቱ መሣሪያው ነው።

ገናን ጌጥ ብቻ ማድረግ

ቀላል መፈተሻ አለ። ዛፉን ከስክሪፕቱ አውጡት። ታሪኩ ምንም ካልጎደለው የገና ፊልም አልጻፋችሁም። አራተኛው "ሳይለንት ናይት"፣ የ1990ው፣ ስለ ጠንቋዮችና ስለ በረሮ ዓይነት ነፍሳት ነው፤ ገናው ከኋላ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ለብቻው ፊልም ቢሆን ኖሮ አልቀየምም ነበር። ግን ስሙን አይቶ ካሴቱን የተከራየው ሰው የፈለገው ሌላ ነው።

ቴክኒኩን በተመለከተ፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ካሜራ ላይ ሊርገበገብ ስለሚችል ቀድማችሁ ሞክሩት። ዛፉ የፕላስቲክ ይሁን፤ የተቆረጠ ዛፍ በቀረጻ መብራት ይደርቅና ቅጠሉ ይረግፋል፣ እሳትም ይወዳል። በየቀኑ ዛፉን ፎቶ አንሱት፤ አለበለዚያ ጌጦቹ በአንድ ንግግር መሃል ቦታ ይለዋወጣሉ። ጌጥ የሚገዛው ደግሞ በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ዋጋው ሲወድቅ ነው።

"መዝሙሩ የድሮ ነው፣ ነፃ ነው"

"ጂንግል ቤልስ" የ1857 ሥራ ነው። "ሳይለንት ናይት" የሚለው መዝሙር ኦስትሪያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው በ1818 ነው። ዜማዎቹ አዎ፣ የማንም አይደሉም። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ቅጂ ግን የሆነ ዘፋኝና የሆነ ኩባንያ ንብረት ነው። ራሳችሁ አስቀርጹት፤ አንድ ፒያኖና አንድ ልጅ ይበቃል፣ እንዲያውም ከኦርኬስትራው ይልቅ ያስፈራል። አንድ ሌላ ሥራ ላይ አሻንጉሊቱ ሆዱ ሲነካ የዘመኑን የገና ዘፈን ይጫወት ነበር። ተዋናዮቹ በላዩ ላይ ሲነጋገሩ ተቀረጸ። ዘፈኑን ለማውጣት ንግግሩ በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀዳ። የታወቀ ኩባንያ መጫወቻ ገዝታችሁ ገዳይ ማድረግንም እዚሁ ላይ ጨምሩት። አታድርጉ፣ ጠበቃ አላቸው።

መሳቅና ማሳቅን ማምታታት

ተመልካቹ ይስቃል፤ ምንም አታደርጉትም፣ ደስም ይበላችሁ። ተዋናዩ ግን "እኔም እንደናንተ ሞኝነቱ ገብቶኛል" ብሎ ዓይኑን የጠቀሰ ዕለት ፍርሃቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሜሪካዊው ተዋናይ ሚኪ ሩኒ በ1984 የመጀመሪያው "ሳይለንት ናይት" ሲወጣ ፊልሙን በደብዳቤ ካወገዙት አንዱ ነበር። ያኔ የገና አባት ልብስ የለበሰ ገዳይ አየን ብለው ወላጆች ሰልፍ ወጥተው፣ አከፋፋዩ ፊልሙን ከሲኒማ ቤቶች አንስቶታል። በ1991 ማን መጣ? ራሱ ሚኪ ሩኒ፣ ጆ ፔቶ የሚባለውን አሻንጉሊት ሠሪ ሆኖ። የሰው ነገር! ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ሰክሮ ልጁ ላይ የሚጮህበትን ትዕይንት ሲጫወት ምሩን ነው። ፊልሙን ከያዙት ነገሮች አንዱ ያ ነው።

አሻንጉሊታችሁም ከእያንዳንዱ ግድያ በኋላ ቀልድ አይወርውር። በፊልሙ አንዴ ይበቃዋል።

ልጁን የመጨረሻ ማሰለፍ

ሕፃን ተዋናይ የሚሠራበት ሰዓት በብዙ አገር በሕግ የተገደበ ነው፣ ታሪካችሁ ደግሞ በሌሊት ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑና በቀን ቅረጹ። የልጁን ፊት መጀመሪያ ጨርሱ፤ ጀርባውን በአጭር አዋቂ ትተካላችሁ። ደግሞ "እውነተኛ ፍርሃት እንዲወጣለት" ብላችሁ እንዳታስደነግጡት። ጠዋት ላይ አሻንጉሊቱን እሱ ራሱ ያንቀሳቅሰው፣ ውስጡ ያለውን እጄን ይይ። ሜካኒኩን ያወቀ ልጅ ይበልጥ ይጫወታል፣ አንዳንዴም ከዳይሬክተሩ የተሻለ ሐሳብ ያመጣል።

ከቀረጻ በኋላ አሻንጉሊቱን ካርቶን ውስጥ ወርውሮ መሄድ

ፎም ላቴክስ (የአሻንጉሊቱ ቆዳ የሚሠራበት ስፖንጅ መሰል ጎማ) በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ፕሮዲዩሰሩ ከሦስት ዓመት በኋላ "ተከታዩን እንሠራለን፣ አሻንጉሊቱ አለ አይደል?" ብሎ ይደውላል። የለም። ስለዚህ የምታስቀምጡት ሞልዱን፣ ማለትም አሻንጉሊቱ የተቀዳበትን ቅርጽ ነው፤ አሻንጉሊቱ ራሱ ብዙም አይታመንም። ከሞልዱ ጋር የልብሱን ቁራጭ ጨርቅ፣ የፊቱን ቀለም ቁጥር፣ ከአራቱም አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ ጨምሩና ላዩ ላይ የፊልሙን ስም ጻፉበት። ደረቅ ቦታ ይሁን፣ ፀሐይ አያግኘው። ቁልፉንም ለፕሮዲዩሰሩ አትስጡ።