ያለ ካልኩሌተር ትልቅ ቁጥር እንዴት ይበተናል?

ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻው ሚኒባስ አልሞላ ብሎ፣ ዳታም አልቆባችሁ ከተቀመጣችሁ አንድ ትልቅ ቁጥር ያዙ። የሎተሪ ይሁን የደረሰኝ፣ ግድ የለም። እኔ 691,236ን ልያዝ። መበተን ማለት ቁጥሩን የብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ) ብዜት አድርጎ መጻፍ ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ እናንተማ የግድ ልመዱት፤ ፈተና ላይ ካልኩሌተር አይገባም።

ብዙ ሰው ቁጥር ሲያይ ዘሎ ማካፈል ይጀምርና መሃል ላይ ይሰለቻል። ቆይ! መጀመሪያ አሃዞቹን እዩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ 36 ናቸው፣ ለ4 ይካፈላል፤ 100 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል ከፊት ያለው ምንም ቢሆን አይረብሽም። ለ8ስ? 236ን ሞክሩት፣ 4 ይተርፋል፣ ስለዚህ አይሆንም። መጨረሻው 0 ወይም 5 ስላልሆነ ለ5ም አይካፈልም። አሁን አሃዞቹን ደምሩ፦ 27። ይሄ ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። ለ27ም ይካፈላል እንዳትሉ ብቻ፣ ብልሃቱ ለ3 እና ለ9 ነው።

እኔ የምወዳት ቀጥላ ያለችው ናት። 7 × 11 × 13 = 1,001 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ኮማው ላይ ቁረጡና ከ691 ላይ 236 ቀንሱ፣ 455 ይመጣል። 455 ለ7 ይካፈላል፣ ለ13ም ይካፈላል፣ ለ11 ግን እምቢ፤ ትልቁም ቁጥር እንደዚሁ ነው። በአንድ መቀነስ ሦስቱን ፈተናችሁ ማለት ነው! ለምን ቢባል፣ 1,000 ከ1,001 በ1 ብቻ ስለሚያንስ፣ 691 ሺህ ውስጥ 691 ጊዜ 1,001 ስታወጡ የሚቀረው ኔጌቲቭ 691 ነው፣ እሱ ላይ 236 ይደመራል። ይህን ክፍል ውስጥ ለምን እንደማያሳዩን እስካሁን አይገባኝም።

አሁን አካፍሉ። ለ36 (4 × 9)፣ 19,201። ለ7፣ 2,743። ለ13፣ 211።

211 ብቸኛ ቁጥር ነው? 15 በራሱ ሲባዛ 225 ስለሆነ ከ13 በላይ አትልፉ፤ ውህድ ቢሆን ኖሮ አንዱ አካፋዩ የግድ ከ15 በታች ይሆን ነበር። 211 ጎዶሎ ስለሆነ 2 አይሆንም፤ 5 እና 11 ቀድመው ወድቀዋል። 3፣ 7 እና 13 ሲሞከሩ 1፣ 1 እና 3 ይተርፋል። ብቸኛ ነው!

691,236 = 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 13 × 211

አካፋዮቹን ግን አንድ በአንድ አትቁጠሩ። 2ን ወይ ትተዋላችሁ፣ ወይ አንዴ፣ ወይ ሁለቴ ትወስዳላችሁ፣ ሦስት ምርጫ። 3ም እንደዚያው። ሌሎቹ ሁለት ሁለት። 3 × 3 × 2 × 2 × 2 = 72 አካፋይ። ሚኒባሱ በመንገዱ ላይ ያለውን ሐረጎን ሳይጨርስ ያልቃል።

ዘዴው ለስድስትና ሰባት አሃዝ ያህል ነው። አርኤስኤ-250 የሚባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ያውም በብዙ ኮምፒውተሮች፤ ሁለቱ ብቸኛ አካፋዮቹ እያንዳንዳቸው 125 አሃዝ ስላላቸው መጨረሻውን ብታዩ፣ ብትደምሩ፣ ብትቆርጡ ጠብ የሚል ነገር የለም።