የዲኤክስ ሞተር፦ ቴስታታና ካምሻፍት አልስማማ ሲሉ

ካንዴላ፣ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) እና የቫልቭ ክፍተት ታይቷል ብዬ ልጀምር። የማወራው ስለ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) ብሎክ ውስጥ ያለ። ቴስታታ የምለው ብሎኩ ላይ የሚከደነውን፣ ቫልቮቹን የያዘውን የሞተር ራስ ነው።

ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይሞታል፣ ዙር ሲጨምር ግን ይነቃል

ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ባለቤቱ ካርቡራተር ነው ይላል፤ ጂግለሩንም (የካርቡራተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ) ቀይሮ ነው የሚመጣው። አይደለም። "የሬስ ካም" (የውድድር ካም) ተብሎ የተሸጠለትን ከኦሪጅናል ቴስታታ ጋር ገጥሞታል።

የሬስ ካም የመግቢያውን ቫልቭ አዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የገባውን ቤንዚንና አየር መልሶ ይተፋዋል። ዙር ሲበዛ የሚገባው አየር ራሱ ስለሚገፋ ነገሩ ይሸፈናል። ዳገት ላይ ግን ማን ይሸፍንለት? አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 12 ባር ኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ካሙ ከዚያም ላይ ይቀንስበታል።

አንዱ ልጅ ኮምፕረሽኑ 6 ሆኖ "ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል" ተብሎ ሞተሩን አስፈትቷል። አዲስ ፋሻ ገባ፣ ያው 6! በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው ቢለኩ ኖሮ ቁጥሩ ብዙም እንደማይነሳ፣ ፋሻው ደህና እንደሆነ ያዩ ነበር። ኦሪጅናሉን ካም መለስንለት፣ ዳገቱን ወጣ።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ መጠነኛ ካም ግዙ፣ ወይ ኮምፕረሽኑን ከፍ አድርጉ። በ9 ለ 1 (ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ ጫፍ ሲደርስ ከሚተርፈው ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን) ጫፍ ላይ የሚተርፈው ቦታ፣ ጋስኬቱን ጨምሮ፣ በየሲሊንደሩ 40 ሲሲ ገደማ ነው። 10 ለ 1 ከፈለጋችሁ 36 አካባቢ ይሁን። ቦታው የሚቀንሰው የቴስታታው ፊት ሲላግ ነው። ግን ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ "ትንሽ ላገው" አትበሉ፤ መጀመሪያ የቴስታታውን ጉድጓድ በመርፌ ሲሪንጅ ዘይት እየሞላችሁ አራቱንም ለኩ። አንድ ነገር እወቁ፦ አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ያለው ሞተር አዋሽ ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል። ካንኳኳ ታይሚንጉን ትንሽ ወደ ኋላ መልሱ።

ከፍተኛ ዙር ላይ ይቆራረጣል

የቫልቭ ሞላ ደክሟል። ከካሙ ጋር የሚሄድ ሞላ አስገቡ።

ቴስታታው ከተላገ በኋላ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም

ቴስታታው ስላጠረ ፑሽሮዱ (ከካሙ ወደ ቫልቩ የሚገፋው ዘንግ) ረዝሞበታል፤ በተለይ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ የሚሞላ) ታፔት ያለው ላይ። ታፔት ካሙ ላይ ተቀምጦ ፑሽሮዱን የሚገፋው ነው።

አዲሱ ካም በሳምንቱ ተበላ

አሮጌ ታፔት አዲስ ካም ላይ! ይሄን የሚያደርግ መካኒክ ቁልፍ ባይነካ ይሻላል። ታፔቱም አዲስ ይሁን፣ የካም ቅባት ተቀብቶ ይግባ። ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አታስቀምጡት፤ ለ20 ደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ይሽከርከር። 

ከገጠሙ በኋላ ቀጭን ኳኳታ

ወዲያው አጥፉት። ቫልቭ ፒስተን እየነካ ነው። ቴስታታ ከተላገና ካሙ ከፍ ካለ ክፍተቱ በሁለቱም በኩል ይጠባል። ፒስተኑ ላይ የልጆች ፕላስቲሲን ለጥፋችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ከዚያ ፈታችሁ ለኩ። በመግቢያው 2 ሚሊሜትር፣ በመውጫው 2.5 ካላገኛችሁ ቁልፍ አታዙሩ።